ዙ

ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ፣ «ክፉ ቃል አልወጣትም፣ አላህ ይርሃማት» አሉ፤
ወጥቷታል እንጂ! ተሰዳቢዎቿ ይኸው እዚህ አሉ።
የዘገየን ልጅ በመጥረጊያ እጀታ ታባርር ነበር ከበር፣
ዞሮ በጓሮ አጥር ሲሾልክ ግን አታየውም ነበር።
ያን ቀዳዳ ማን እንደከፈተው እኔን ጠይቁኝ፤
ሌሊት በቆንጨራ ስትጥሰው አይቻለሁ፣ «ትንፍሽ እንዳትዪ» ብላ አስማለችኝ።
ይኸው ተነፈስኩ።

አያቴ ዙሪያሽ እንድሪስ፣ የመርሳ ትምህርት ቤት ተላላኪ፣
ጠራጊ፣ ደዋይ፣ ቁልፍ ያዥ፣ የተበጠሰ አዝራር ተካኪ።
ደወሉ የኤንትሬ ቸርኬ ነው፣ ከግራሩ ላይ የተሰቀለ፤
ጥላው የሦስተኛ «ለ»ን ደፍ ሲነካ ትደውላለች፣ የዳይሬክተሩ ሰዓት ሌላ እያለ።
ዐሥራ አንድ ቁልፍ፣ ዐሥራ አንድ ክር፤
ቀዩ የቢሮ፣ ቢጫው የዕቃ ቤት፣ ጥቁሩ የአንደኛ ክፍል፤
«ለምን ጥቁር?» ስላት፣ «መስከረም ሲጠባ እዚያ ቤት ሁሉም ያለቅሳል።»

ማታ ሰሌዳ ልታጠፋ ስትገባ እኔን ታስከትላለች፣
ጨርቁን አንስታ ትቆምና፣ «ምን ይላል?» ትላለች።
«የውሃ ዑደት ነው እማ፤ ትነት፣ ደመና፣ ዝናብ ይላል።»
«እውነቱን ነው፤ ዘንድሮ ግን ዘገየ»፤ ከዚያ ጨርቋ ያልፋል።
ሳይነበብላት አንዲት ፊደል አታጠፋም፤ ነውር ይመስላታል፣
ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አፉን እንደ መያዝ ይሆንባታል።
«ላስተምርሽ?» እላለሁ። «ስምማ ማንም ይጽፈዋል፤
የኔን አውራ ጣት ግን» ትላለች፣ «ማን ይሰርቀዋል?»

ከዚያ ያ ክረምት መጣ፣ መርሳ ኦና የቀረችበት፣
ዴስኩ ማገዶ፣ በሩ ማገዶ፣ ካርታው የማንም ምንጣፍ የሆነበት።
ሰው ዱቄትና ልጁን ተሸክሞ ወደ ደሴ ሲጎርፍ፣
«እናንተ ሂዱ» አለች፣ «እኔ ጋ ነው ያለው ቁልፍ።»
ስንመለስ ከስታለች። ወሬ አልጠየቀችም። ከማሽላው ጎታ እጇን አግብታ፣
የተማሪውን መዝገብ መዘዘች፤ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ቀብራው ኖሯል፣ ዙሪያውን ሰፍታ።
የሰባት መቶ ልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ የልደት ዘመን፤
አንዱን እንኳ የማታነብ ሴት ናት ያተረፈችን ሁላችንን።
ዳይሬክተሩ አቶ ይመር አቅፎት ሲያለቅስ ዝም አላለችውም፤
«ቁጠረው እንጂ አታልቅስበት፣ ቀለሙ ይለቃል» አለች፣ ገላመጠችውም።

ትናንት ጠራኝ አቶ ይመር፣ የቆየ ፔሮል ይዞ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት አውራ ጣት፣ ወይን ጠጅ፣ ከገጽ ገጽ ተጉዞ።
መጨረሻው ላይ፣ ጡረታ በወጣችበት ወር፣ አውራ ጣት የለም፤
አንዲት ፊደል አለች፣ እንደ አዲስ ግልገል እግሯ የሚንቀጠቀጥ፣ በእስክሪብቶ ቀለም፦

ዙ

ማን አስተማራት? እኔ አይደለሁም።
ምናልባት አንደኛ ክፍል መስኮት ሥር፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣
ማታ ያጠፋችውን ቤቷ ገብታ አመድ ላይ መልሳ ጽፋ።
ለምን በ«ዙ» እንዳቆመች እንጃ፤ ከኋላዋ ያለው ሰው አጉረምርሞባት፣
ወይ ደግሞ የደወል ሰዓት ደርሶባት።

የከተማችን ስም መርሳ ነው፤ መንገደኛ ከሚኒባስ መስኮት ይቀልድብናል፤
«መርሳ ደርሰን ምን ረሳን?» ይለናል።
ብርቱካን እንሸጥለታለን። መልሱን ብቻ እንመልስለታለን።

ዛሬ ጠዋት ቸርኬው ጮኸ፤ አዲስ ተላላኪ ነው፣ ልጅ እግር፣ በስልኩ ሰዓት የሚደውል።
ጥላው ገና ከደፉ አልደረሰም።
አንድ ብጣሽ ልጅ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሲሮጥ አየሁት፤ በሩ ተዘጋበት፣
ወደ ጓሮ ዞረ፤ ቀዳዳውን በእሾህ ደፍነውበት።

ቆንጨራዋ የት እንዳለ አውቃለሁ።
ማታ፣ ሰው ሲተኛ፣ እሄዳለሁ።